ሦስት ያሉትን ሠላሳ ብዬ የተረጎምኩ ዕለት

ቋንቋ ያወቀ ሰው ዕረፍት የለውም። ጉልበት ያለውን ሰው «ይቺን አንሣልን» ይሉታል፤ አንሥቶ ይቀመጣል። መኪና ያለውን «እግረ መንገድህን አድርሰን» ይሉታል፤ አድርሶ ይመለሳል። ቋንቋ ያለውን ግን «እስቲ አንዴ ና፣ ምን እንደሚል ንገረኝ» ብለው ይጠሩትና የሰውን ጉዳይ ሁሉ ጆሮው ውስጥ አራግፈውበት ይሄዳሉ። ዕቃ ቢከብድ ከትከሻ ይወርዳል። ጆሮ የገባ ነገር በየት በኩል ይወርዳል?

ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። እኔ እስጢፋኖስ፣ የሆሳዕና ልጅ፣ ደማም ውስጥ አል አዳማ በሚባለው ሰፈር አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ነበር የተቀጠርኩት። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ይህ ነው። በተግባር ግን ከሐኪሙ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ፣ አረብኛም እንግሊዝኛም የማይሆንላቸውን ያገሬን ልጆች ሕመም ስናገር ነው የምውለው። የአስተርጓሚ ደንብ ደግሞ አንድ ነው፤ በሽተኛው «እኔ» ካለ አንተም «እኔ» ትላለህ። «አመመኝ ትላለች» እያልክ ከዞርክ ሐኪሙ ማን እንደታመመ ይጠፋዋል። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ጥርሴን ያመኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ ሦስተኛ ወሬን እይዛለሁ። አንድ አዲስ ሐኪም ይቺን የመጨረሻዋን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ከጢሜ እስከ ሆዴ አየኝ።

ይህ ዝናዬ ነው እንግዲህ እስከ ደብራችን ድረስ የተከተለኝ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ምን ደብር አለ ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ! የእኛ ደብር አንድ ፎቅ ቤት ሦስተኛው ደርብ ላይ ነበር፤ ከታቹ መጋረጃ ሰፊ፣ ከላዩ የውኃ ታንከር። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቄሰ ገበዝና ወጥ ሠሪ አቴ ሎርና የምትባል ፊሊፒናዊት ነርስ ናት፤ ቤቱ የእሷ ነው። አቴ ማለት በእነሱ ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው። ዓርብ እኩለ ቀን፣ ከተማው ወደ ጁምዓ ጸሎት ሄዶ መንገዱ ጭር ሲል፣ እኛ ሁለት ሁለት እየሆንን ደረጃውን እንወጣለን። ጫማ በር ላይ ማውለቅ ክልክል ነው። በአንድ በር ላይ አርባ ጥንድ ጫማ ከታየ ጎረቤት ይጠይቃላ! ስለዚህ ጫማችንን አንጠልጥለን ገብተን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ እንደረድረዋለን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። አርባ ሰው በሹክሹክታ «ሃሌ ሉያ» ሲል ሰምታችሁ እንደሆነ፣ የብስክሌት ጎማ ሲተነፍስ ነው የሚመስለው። ግን ልንገራችሁ፣ በሙሉ ጉሮሮዬ ከዘመርኳቸው መዝሙሮች ሁሉ ያኔ በሹክሹክታ ያልኳቸው ናቸው ልቤ ውስጥ የቀሩት።

ካህኑ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይመጣሉ፤ በሌላው ዓርብ አቴ ሎርና ስብከት በእንግሊዝኛ ታነብልናለች። ከየት እንደሚመጡ አንጠይቅም፣ እሳቸውም አይነግሩንም። ፊሊፒኖዎቹ «ቲቶ» ይሏቸዋል፤ አጎት ማለት ነው። አጎቱ ሊጠይቀው የመጣ ሰው ምን ወንጀል አለበት? እኛም ቲቶ አልናቸው።

ሐበሾቹ ስምንት ነበርን። ስድስታችን ካቶሊኮች፣ ሁለቱ ከጎንደር የመጡ የኦርቶዶክስ እኅቶች። እነሱ ከእኛ ጋር አይቆርቡም፤ «ስሙ የሚጠራበት ቤት ይበቃናል» ብለው ከኋላ ይቀመጣሉ። የጾማችንን አጭርነት ግን እስከ ዛሬ ይቅር ያሉን አይመስለኝም።

ከስድስቱ ካቶሊኮች፣ ከእኔ ሌላ፣ ለጨዋታችን የሚያስፈልጉን ሁለት ናቸው። አንደኛው ማቴዎስ፣ የዱራሜ ልጅ፣ በጎረቤቷ ከተማ በኮበር የአንድ ቤት ሾፌር። ሁለተኛዋ ማርታ፣ የእንድብር ልጅ፣ በዚያው ቤት የልጆች ሞግዚት። ማዳሟ ዓርብ ዓርብ እናቷ ዘንድ ስለምትውል ማርታን ለጥቂት ሰዓት ትለቃታለች፤ ማቴዎስ ያመጣታል፣ ማቴዎስ ይመልሳታል። ማቴዎስ ደግሞ ጓደኛዬ ነው። ሥራ ሲፈታ ራካ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ይመጣል፤ ሽሮ እሠራለሁ፣ እሱ ዕቃ ያጥባል፣ ሳቁ እስከ ታችኛው ደርብ ይሰማል።

ማርታን እወዳት ነበር። የሰውን ሕመም ሁሉ በሦስት ቋንቋ የምናገር ሰውዬ ለእሷ ሲሆን ግን ምላሴ ይተሳሰራል፤ ዓርብ ዓርብ አጠገቧ ተቀምጬ ስብከቱን ስተረጉምላት እንኳን ከራሴ አንድ ቃል መጨመር ያቅተኝ ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ? በማቴዎስ ላክሁ። መጀመሪያ «ሰላም በልልኝ» አልኩት። ቀጥሎ «አስታውሶሻል በላት» አልኩት። ቀጥሎ አንድ ካርቶን ቴምር ሰደድኩ፤ ግቢያቸው ሦስት የቴምር ዛፍ ላለበት ቤት ቴምር መላክ ፍቅር ካልሆነ ምን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። ለጅብ ሥጋ አደራ አይሰጥም የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ማቴዎስ ግን ጅብ አይመስልማ!

መጀመሪያ መልስ ይመጣ ነበር። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። ዓርብ ስንገናኝ ማርታ «ደኅና ነህ?» ትለኝና ከጎንደሮቹ እኅቶች መካከል ገብታ ትቀመጣለች። አምስት ወር! ምን በድያት ይሆን ብዬ ራሴን መረመርኩ፤ እሷን ግን አልጠየቅኋትም። ወንድ ልጅ «ምን ሆንሽ?» ከሚል ይልቅ አምስት ወር እህል አልበላ ቢለው የሚቀለው ለምን እንደሆነ ክሊኒኩ ውስጥ ማንም አላስረዳኝም።

ነገሩ የሆነው ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቲቶ ከሦስት ወር በኋላ መጥተዋል፤ ሰው ሁሉ ለበዓሉ ይናዘዛል። ማቴዎስ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ቪዛ ተመትቶለታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ላይመለስ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው።

የኑዛዜው ክፍል ወጥ ቤቱ ነው። ቲቶ ከፍሪጁ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ተናዛዡ ከሩዝ ጆንያው ጎን ይንበረከካል። ቃል ወደ ሳሎን እንዳይሾልክ ተብሎ ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ ይከፈታል። ያ መሳቢያ ግን ከመጮኹ የተነሣ ቲቶ የሚናዘዘውን ሰው አይሰሙትም። ስለዚህ ሰዉ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከፍ ሲያደርግ ሳሎን ይሰማል። ሳሎን ያለነው ደግሞ ኃጢአት እንዳንሰማ ጆሯችንን ይዘን ወደ መስኮቱ እንዞራለን። የደብራችን ሥርዓት እንዲህ ነበር።

ማቴዎስ እንግሊዝኛ አይችልም፤ አረብኛውም የመንገድ ነው፣ ቀኝ፣ ግራ፣ በቃ ለማለት ኸላስ። ቢሆንም መጀመሪያ ብቻውን ገባ። «ባባ፣ አና ሙሽኪላ ከቢር!» ሲል ሳሎን ድረስ ተሰማ፤ ትልቅ ችግር አለብኝ ማለቱ ነው። የቲቶ አረብኛ ከእሱ አይሻልም። ምን ዓይነት ችግር ብለውት መሆን አለበት፣ «ከላም ሙ ዜን» አለ፤ መጥፎ ንግግር። ስንት ጊዜ አሉት መሰለኝ፣ «አንድ። ኸላስ» አለ። ቲቶ በምልክት ይበቃል፣ እግዚአብሔር ልብህን ያያል፣ ልፍታህ ብለውት ነበር። ማቴዎስ እንቢ አለ። በሩን ከፍቶ ወጣና አርባ ሰው ሲያይ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እስጢፎ፣ ና ተርጉምልኝ።»

ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። «ካንተ ሌላ አልፈልግም» አለኝ። ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የወሰድኩት።

እዚህ ላይ፣ የኑዛዜ ምስጢር አይደለም እንዴ፣ ምን አፍ ኖሮህ ታወራልናለህ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። ቲቶ ራሳቸው ሳይጀምሩ «እዚህ የምትሰማው ካንተ ጋር ይቀበራል፤ ለእሱም ቢሆን መልሰህ አታነሣበትም» ብለው አስጠንቅቀውኛል። እኔ የምነግራችሁ ባለቤቱ አደባባይ ያወጣውን ነው። ማቴዎስ ዛሬ ዱራሜ ውስጥ ድግስ በተደገሰ ቁጥር ይህን ታሪክ ሳያወራ ከማዕድ አይነሣም፤ በየዓመቱም ይጨምርበታል። እኔ እንደውም ቀንሼ ነው የማወራው።

ገባሁ። ማቴዎስ ተንበርክኮ መሬት መሬት ያያል። በሁለቱ መካከል ቆምኩ። በአማርኛ ይላል፣ በእንግሊዝኛ እላለሁ። «ተቆጣሁ» አለ፣ ተቆጣሁ አልኩ። «ጸሎት አስታጎልኩ» አለ፣ አስታጎልኩ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ክሊኒክ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ከዚያ የሩዝ ጆንያውን ጠርዝ ጨበጠ። መሳቢያው ይጮኻል።

«አንድ ወንድሜን በደልኩ» አለ።

አንድ ወንድሜን በደልኩ አልኩ።

«አንዲት ልጅ ይወዳል። መልእክቱን የማደርስለት እኔ ነበርኩ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሞኝ አትበሉኝ፤ የሚተረጉም ሰው አያስብም፣ ውኃ እንደሚያልፍበት ቧንቧ ነው።

«እኔም ወደድኳት። ስለዚህ ሆሳዕና ውስጥ እጮኛ አለችው ብዬ ዋሸኋት።»

ምላሴ ከልቤ ቀድሞ መሄድ ለምዶ የለ? ሆሳዕና ውስጥ እጮኛ አለችው ብዬ ዋሸኋት ብዬ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጨርሼው ነበር። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ፣ ፍሪጁን ዞሮ፣ ወደ ጆሮዬ ሲመለስ ነው የገባኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔስ አፌም ባዳ ሆኖ አረፈው። እስቲ አስቡት! በደሉ የተሠራው በእኔ ላይ፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እያለ የሚናዘዘውም የእኔው ድምፅ።

ማቴዎስን አየሁት። አንገቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ልለው የፈለግሁት ብዙ ነበር፣ በሦስቱም ቋንቋ ነበር፤ አንዱንም ማለት አልችልም። ቲቶ «ይቆጨዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ። «ይቆጭሃል ወይ?» አልኩት። በእርግጥ እሳቸው በጠየቁበት ድምፅ አልነበረም የጠየቅሁት።

«ያ ወንድሜ ሽሮ ሠርቶ ሲያጎርሰኝ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል» አለ ማቴዎስ። «አንድ ቀን አንቆኝ ውኃ ያቀበለኝ እሱ ነው።»

አዎ። ያን ቀን ጀርባውን ሁሉ መትቼዋለሁ። አሁን ብሆን ትንሽ ጠንከር አድርጌ እመታው ነበር።

ቲቶ ጥቂት አሰቡና ዛሬውኑ ለልጅቷ እውነቱን እንዲነግራት አዘዙት። ይህንን ቃል በቃል፣ ጥርት አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ ተረጎምኩለት። ቀጥለውም ቀኖናውን ሰጡ፤ «ሦስት አባታችን ሆይ ይድገም።»

ሦስት! ለአምስት ወር ሥቃዬ ሦስት! ሻይ ሳይፈላ የሚያልቅ! ምላሴ ላይ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም፣ «ሠላሳ አባታችን ሆይ» አልኩት። ቆየት ብዬም «ተንበርክከህ» የምትለውን ጨመርኩ።

ማቴዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ሠላሳ?»

«ሠላሳ።»

«ይገባኛል» አለ።

ይቺ «ይገባኛል» ናት የገደለችኝ። ቢከራከር፣ በዛብኝ ቢል፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ በገባሁ ነበር። እሱ ግን ይፍታህ ተብሎ አማተበና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ ተረኛው ማን ነበር? አትሳቁ። እኔ ነበርኩ።

ከሩዝ ጆንያው ጎን ተንበርክኬ ለሦስት ወር ያዘጋጀኋቸውን ኃጢአቶች ዘረዘርኩ፤ ስንፍና፣ ሐሜት፣ አንድ ሁለት ትንንሽ ውሸት። ከዚያ «ከአምስት ደቂቃ በፊት የሠራሁት አንድ አለ» አልኩ። ቲቶ ግራ ገባቸው። «እዚህ ክፍል ውስጥ?» አሉ። «እዚህ ክፍል ውስጥ» አልኩ። ሦስት ያሉትን ሠላሳ ብዬ፣ «ተንበርክከህ» የምትል ቃልም ጨምሬ እንደተረጎምኩ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ለካስ እየሳቁ ነው። «ለምን?» ብለው ጠይቀው «ያ ወንድም እኔ ነኝ» ስላቸው ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። እጃቸውን ዘርግተው መሳቢያውን አጠፉት። ያ ሁሉ ጩኸት ቆሞ የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ዝግ ባለ ድምፅ «ይቅር ብለኸዋል?» አሉኝ።

አስብበታለሁ አልኩ።

«ቅዳሴው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ነው የቀረው፤ ቶሎ አስብ» አሉኝ። ቀጥለውም ወጥቼ ትርጉሜን እንዳርም፣ በሦስቱ ላይ የጨመርኳቸውን ሃያ ሰባቱን ደግሞ ራሴ እንድደግማቸው ፈረዱ። በጉልበቴ። «እሷንም ቃል አንተው ነህ የጨመርካት» አሉ።

ማቴዎስ በኮሪደሩ ጫፍ፣ በዚያ ጫማ በሞላው መታጠቢያ ቤት በር ላይ ሴራሚኩ ላይ ተንበርክኳል። አጠገቡ ወረድኩና ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ጠየቅሁት። አራተኛው ላይ ነኝ አለ። «በቃ ተነሥ፤ ሦስት ነው ያሉት፣ ትርጉሙ ላይ ጥፋት ነበረ» አልኩት። ትንሽ አየኝና «ሠላሳው ነው የሚመጥነኝ» ብሎ ወደ አምስተኛው አለፈ። እኔም የራሴን ጀመርኩ።

ጥቂት ቆይቶ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «አንተን ስንት አሉህ?»

«ሃያ ሰባት።»

«ምን አድርገህ?»

«ምስጢር ነው።»

ሾፌር ሒሳብ አያጣውም፤ ሦስትና ሃያ ሰባትን እየደመረ እንደሆነ ከንፈሩ ላይ ይታያል። ሲደርስበት ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ እስከ ታችኛው ደርብ የሚሰማ ሳቁ እንዳያመልጠው እጅጌውን ነከሰ። እኔም አልቻልኩም። ሁለት ንስሐ የገቡ ሰዎች መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተንበርክከው በሳቅ ሲፈርሱ አቴ ሎርና መጥታ በጭልፋ አስፈራራችን።

ሳቁ ሲበርድለት ማቴዎስ ፊቱን አዞረ። «ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ስንቴ ራካ መጣሁ፤ አልቻልኩም። አባ መሃላችን ከገቡልን እችል ይሆናል ብዬ ነው የጠራሁህ። አሁን ያለ አባ ልንገርህ። የዋሸሁብህ እኔ ነኝ፣ እስጢፎ። ሳልነግርህ አውሮፕላን ብገባ አገሬ ስደርስ እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ለካ እኔ በእሱና በካህኑ መካከል የቆምኩ ሲመስለኝ፣ በመካከል የነበሩት ካህኑ ኖረዋል። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ቀላል አልነበረም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት። ግን ማንም ሳይነግረኝ ከራሴ ያወጣሁት ቃል ነበር። ቅዳሴው ላይ ሰላም ተባባሉ ሲባል እጄን አጥብቆ ያዘ፤ ቆረብን።

ከቅዳሴ በኋላ አቴ ሎርና ፓንሲት የሚሉትን ቀጭን ፓስታቸውን ለሰው ታድላለች። ማቴዎስ ማርታን መስኮቱ ጋ ይዟት ሄደ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ሳህኔን ሳፈጥጥበት ቆየሁ። እሱ እጁን እያወራጨ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሲጨርስ አንድ ቃል አለችው፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ ሳህኗን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች።

«እውነት ይሁን ውሸት አላወቅሁም ነበር» አለች። «መጥተህ ‹ምን ሆንሽ› ትለኛለህ ብዬ አምስት ወር ጠበቅሁ። ለሰው ሁሉ አፍ የምትሆን ሰውዬ፣ ለራስህ ጉዳይ ሰው ትልካለህ? ማቴዎስስ ሊሄድ ነው። አሁን ደግሞ ማንን ልትልክ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። በእውነት ልናገር ነበር። ይኼኔ አቴ ሎርና ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። አንዴ ተርጉምልኝ አለች በእንግሊዝኛ። ወንድሟ ጁበይል ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ ማርታን ሦስት ዓርብ አይቷት እንቅልፍ አጥቷል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አይጠጣም፤ ልጅቷ ነፃ ናት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አለችኝ። ወንድሟም በሩ ጋ ቆሞ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ ይጠብቃል።

እንግዲህ ፍረዱ። ታጭታለች ብዬ መመለስ እችል ነበር። አግብታ ሦስት ወልዳለች ማለትም ይቻል ነበር፤ ማን ይመረምረኛል? ግን ጉልበቴ ገና ይጠዘጥዘኛል። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ኢንጂነርነቱን አልቀነስኩም። አለመጠጣቱን እንኳን አልቀነስኩም።

ማርታ እኔን አየችኝ። ቆይታ አየችኝ። ከዚያ ወደ አቴ ሎርና ዞረችና፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ ለወንድሟ አክብሮት እንደምታመሰግን፣ ነገር ግን ይህ የቆመው ሰውዬ ሊነግራት የጀመረው ነገር ስላለ እሱን ሳትሰማ ለማንም መልስ መስጠት እንደማትችል ነገረቻት።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» አልኳት።

ለካ ማዳሟ ልጆቿ እንግሊዝኛ እንዲለምዱላት ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ አላናገረቻትም።

«ታዲያ ሳንኮራረፍ በፊት በየዓርቡ አጠገብሽ አስቀምጠሽ ስብከቱን ከላይ እስከ ታች ጆሮሽ ሥር ያስተረጎምሽኝ ለምንድን ነው?»

ማርታ ሹካዋን ሳህኗ ላይ አሳረፈች። «ስብከቱን መች ሰማሁት!» አለች። «ዛሬ አንተ ከመድረስህ በፊት ለቲቶ የተናዘዝኩት እሱን ነው። አስተርጓሚም አላስፈለገኝም።»